ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ያለችው ልጅ

ሰኞ፣ ጥር 6

እንዴት ብዬ እንደምጽፈው እንጃ... ጓደኛ ያገኘሁ ይመስለኛል።

የምሠራበት የአጎቴ ፎቶ ኮፒ ቤት የምትመላለሰው ባለመነጽሯ ናት። ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ከሚዲያና ባህል ጋር ነው የምትማረው። ዛሬ "እትዬ" ብላት "ኧረ አታስረጂኝ!" ብላ ሳቀች። ማሽኑ እስኪሞቅ የምታስገለብጠውን፣ ከቤቷ ስለጠፋች ሴት የሚያወራ ልብወለድ በአማርኛ ተረከችልኝ። "አንቺ ብትሆኚ ወደ ቤትሽ ትመለሺ ነበር?" አለችኝ። እኔን! ማን ጠይቆኝ ያውቃል?

ሐሙስ፣ ጥር 16

ነገርኳት። ለማንም ያልተነፈስኩትን...

ሰባተኛ ክፍል መምህሩ አስነስቶ "አንብቢ" ሲለኝ ድምፄ ጠፋ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት አልረገጥኩም። እማዬ ያን ሰሞን ታማ ስለነበር እሷን ላስታምም የቀረሁ ይመስላታል። ሦስት ዓመት ሙሉ "ለኔ ስትል" እያለች ትመርቀኛለች። እኔም ዝም ብዬ አሜን...

ሳወራ ደብተሯ ላይ ትጽፍ ነበር። "የትምህርት ነገር ነው፣ ቀጥይ" አለችኝ። ቀጠልኩ።

ዓርብ፣ ጥር 24

አልመጣችም። አሟት ይሆን?

ማክሰኞ፣ ጥር 28

የመመረቂያ ጽሑፏን አምስት ቅጂ እንድጠርዝ ሰጥታኝ እየሮጠች ወጣች። ሁሉም እንግሊዝኛ ነው። ገጽ 31 ላይ ግን አማርኛ አየሁ። የኔው ቃል! የድምፄ መጥፋት፣ የእማዬ ምርቃት፣ አሜኑ ሳይቀር። ከላዩ "ብዙ ያልተማረች አንባቢ" ይላል።

ለዚህ ነው ስትጠይቀኝ የከረመችው?

የምስጋናውን ገጽ ፊደል በፊደል አነበብኩት። ድመቷን እንኳ በስሟ አመስግናለች። እኔ የለሁበትም።

ረቡዕ፣ ጥር 29

ስትመጣ እንደምንም ተናገርኩ።

"ያቺን ገጽ አውጪልኝ።"

"ስምሽ የለበትም እኮ፣ የኔ ቆንጆ! ማን ያውቅሻል?"

"እማዬ።"

"እናትሽ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ልታነበው ነው?"

አጎቴ ከጓዳ ብቅ አለ። "ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት?"

አንዱን ቅጂ አንስታ ሰጠችው! "የሷ ታሪክ አለበት፣ የርስዎም ፎቶ ኮፒ ቤት ጭምር፣ ጋሼ። ገጽ 31ን ያንብቡት፣ አማርኛ ነው።" ወደኔ ዞራ ደግሞ "አይዞሽ፣ ደስ ይላቸዋል።"

ምን አደረግኳት?

አጎቴ መነጽሩን ቤት ረስቷል። ጽሑፉን ቦርሳው ውስጥ ከተተው። "የኛ ልጅ መጽሐፍ ውስጥ ገባች በይኛ! ነገ ማታ መጥቼ ለእህቴ አነብላታለሁ።" ኩራቱ...

አሁን እማዬ ተኝታለች። ነገ ጠዋት፣ ገና ፊቷን ሳትታጠብ፣ አልጋዋ ጫፍ ቁጭ ብዬ እውነቱን እነግራታለሁ። አጎቴ አይቀድመኝም። ብትቆጣም ትቆጣ።