ግፊት በወረደ ቁጥር ለሚጨበጨብበት ክፍል

ለተከበሩ የኩላሊት እጥበት ማዕከላችን ሥራ አስኪያጅ
ጉለሌ

ጉዳዩ፦ ጭብጨባው እንዲቆምልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ ያለኝን መልካም ምኞት አቀርባለሁ፤ የደም ግፊትዎ ከልክ በላይ ወጥቶ ቤተሰብዎን አያስደንግጥ፣ ከልክ በታችም ወርዶ ሠራተኞችዎን አያስደስት። እኔ ጌጡ መሸሻ እባላለሁ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ነበርኩ። አሁን ሥራዬ ባለቤቴን ወ/ሮ የሺን በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ማዕከልዎ ማድረስና እጥበቷ እስኪያልቅ ኮሪደሩ ላይ መቀመጥ ነው። የምንቀመጥበት አግዳሚ አንድ እግሩ አጭር መሆኑን እንደ ቅሬታ አልቆጥረውም፤ አስታማሚ እንዳያንቀላፋ ታስቦ የተሠራ ይመስለኛል።

ይህንን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው በፖስታ አሽጌ ያስገባኋቸው ደብዳቤዎች ምላሽ ስላላገኙ ነው። በቁጣ ልጽፈው አስቤም ነበር፤ ቁጣ ግን ጉልበት ይፈልጋል፣ እኛ ቤት ደግሞ ጉልበት ካለቀ ቆይቷል። ስለዚህ በምስጋና ጽፌዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጭብጨባው አመሰግናለሁ። ማዕከልዎ «ደም ብዛትን እናሸንፍ» በሚል መሪ ቃል፣ ግፊቱ የወረደለት ታካሚ በተገኘ ቁጥር ነርሷ ውጤቱን ጮክ ብላ እንድታነብና ክፍሉ በሙሉ እንዲያጨበጭብ መወሰኑ ከደግ ልብ የመነጨ እንደሆነ አልጠራጠርም። ችግሩ ታካሚዎቹ አንድ እጃቸው ከማሽኑ ጋር የተያያዘ መሆኑ ብቻ ነው። «አንድ እጅ አያጨበጭብም» ያሉት አባቶቻችን የእናንተን ክፍል ሳያዩ ነው፤ በእናንተ ዘንድ ሰው በደህናው እጁ ጭኑን እየመታ ያጨበጭባል። የመጀመሪያ ቀን ከበር ላይ ሆኜ ስሰማው ለቅሶ ቤት የደረስኩ መስሎኝ ነበር።

ስሙም ሳያሳስተን አልቀረም። በሽታው በእኛ አፍ «ደም ብዛት» ስለሚባል፣ የበዛው ነገር ሲያንስ ሁሉም ሰው እሰይ ይላል። እኔም ብያለሁ። የየሺ ግፊት በየወሩ ዝቅ እያለ ሲመጣ ተሻላት ብዬ እንጦጦ ማርያም ድረስ ወጥቼ ጃንጥላ በስለት አስገብቻለሁ። እሷ ግን በዚያው ወር ከመኝታ ቤት እስከ በረንዳ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ትቀመጥ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ምክራችሁ አመሰግናለሁ። የሺ እጥበቱ መካከል ላይ ዓይኗ ጨልሞባት ራሷን በሳተች ዕለት፣ ተረኛው ባለሙያ «ይሄማ ደም ማነስ ነው» ብለው ቀይ ሥርና ቆስጣ እንዳበላት አዘዙኝ። የወረደው ግፊቷ እንጂ ደሟ አልነበረም፤ ነገር ግን ደም ብዛት ለለቀቀው ሰው የሚቀረው ደም ማነስ ነው ተባልኩ፣ አነጋገሩም ሰዋስው አይጎድለውም። ቀይ ሥሩን ገዝቼ ስመለስ የራሳችሁ በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አነበብኩ። ፖታሲየም የሚባል ንጥረ ነገር ስለሚበዛባቸው የኩላሊት ታካሚ ሊርቃቸው ከሚገቡ ምግቦች መካከል ቀይ ሥርና ቆስጣ በትልልቅ ፊደል ተጽፈዋል። ማስታወቂያውን ለለጠፈው ሰው ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። ቀይ ሥሩን እኔው በላሁት።

ሦስተኛው የክኒኑ ጉዳይ ነው። ሌላ ቦታ የሚሠሩ ዶክተር ቢሊሱማ የሚባሉ የኩላሊት ሐኪም የየሺን ውጤቶች አይተው በትዕግሥት አስረዱኝ። እጥበት ላይ ላለ ሰው የግፊት መውጣት ብቻ ሳይሆን መውረዱም ያሳስባል፤ ታካሚው ማሽኑ ላይ እያለ ደጋግሞ የሚወርድ፣ ከወር ወርም ያለ ምክንያት ዝቅ እያለ የሚሄድ ግፊት ልብ መድከሙን ሊጠቁም ይችላል፤ እንዲህ የሚሆኑ ታካሚዎች በብዛት ዕድሜያቸው ሲያጥር ታይቷል አሉኝ። ልቧ እንዲመረመር፣ ከሰውነቷ የሚወጣው ውኃ ቀስ እንዲል፣ የእጥበት ቀን ጠዋት የምትውጠውን የግፊት ማውረጃ ክኒንም ሐኪማችሁ እንደገና እንዲያየው ጽፈው ሰጡኝ። ወረቀቱን አመጣሁ። የተሰጠኝ መልስ ካርዷ ላይ «ደም ብዛት ያለባት» የሚል ማኅተም ስላለ ክኒኑን በር ላይ ካልዋጠች አትገባም የሚል ነው። ዘበኛው መዋጧን ለማረጋገጥ አፏን ያስከፍታታል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ማስቲካ የሚያኝክ ተማሪ አፍ ስመረምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በትጋት ግን ይበልጠኛል።

አራተኛውን በምስጋና መጻፍ አቃተኝ፤ ይቅርታዎን።

ከየሺ ጎን ባለው ወንበር የሚታጠቡት፣ ጳውሎስ አካባቢ የጨርቅ ሱቅ የነበራቸው ወ/ሮ ጀዊሪያ ነበሩ። እንደ እሳቸው የተጨበጨበለት ሰው በማዕከሉ አልነበረም። በመጨረሻው የእጥበት ቀናቸው ነርሷ ውጤቱን ልታነብ ስትል «ልጄ፣ ዛሬስ ይቅርብኝ፣ ዓይኔን እየጋረደኝ ነው» ማለታቸውን የሺ ሰምታለች። ነርሷ የሳቸውን ትሕትና አድንቃ አነበበች፣ ክፍሉም አጨበጨበ። ወ/ሮ ጀዊሪያ ደግ ሰው ስለነበሩ ሌሎቹን ላለማሳፈር እሳቸውም ጭናቸውን መታ መታ አደረጉ። በማግስቱ ቤታቸው አረፉ።

የገደላቸው ማዕከሉ ነው አልልም፤ ሐኪም አይደለሁም። ሲናገሩ ግን የሰማቸው አልነበረም። ለቅሶ በደረስን ጊዜ ልጃቸው ኑሕ ለመጣው ሰው ሁሉ «ግፊቷ እኮ ተስተካክሎ ነበር» እያለ ይናገር ነበር። ለእኔም ነገረኝ። እጁን ይዤ ቆምኩ።

ክቡር ሆይ፣ ማክሰኞ የየሺ ተራ ነው። ካልሄደች እንደምትሞት ታውቃለች፤ ከሄደችም ምን እንደሚጠብቃት ታውቃለች። ትናንት ልብሷን እያጣጠፈች «ጌጡ፣ ቁጥሬን ሲያነቡ ሳል በልባቸው፣ እንዳይሰማ» አለችኝ። አሳቀችኝ፤ ከዚያ ወደ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። እፈራለሁ። ሌላ የተራቀቀ ምክንያት የለኝም። የምለምነው ይህን ያህል ነው፦ ዓይኔ ጨለመ ስትል ማሽኑ ቀስ ይበልላት፣ እግሯ ከፍ ይበል፣ ሐኪም ይጠራ፣ የዶክተሩም ወረቀት ይነበብ። ይህም ለማዕከሉ ከበዛ፣ ቢያንስ ዝም በሉላትና ስትናገር ትሰማ።

የማዕከሉ ስኬት፣ የአዳራሹ ድምቀትና የመዳፎቻችሁ ጥንካሬ ከዕለት ወደ ዕለት እንዲጨምር እየተመኘሁ፣ ጊዜዎን በመሻማቴ አንገቴን ደፍቼ ይቅርታ የምጠይቅዎ፣

በዚያው አግዳሚ ላይ ሚዛኔን ጠብቄ የምቀመጠው
ጌጡ መሸሻ

ግልባጭ፦
ለሚመለከተው ሁሉ፤
እንደማይመለከተው ለነገሩኝ ለቀሩትም።

ማሳሰቢያ፦ የወ/ሮ ጀዊሪያ ግፊት ከመቼውም በላይ ዝቅ ያለው ባረፉበት ዕለት ነው። በዚያ ቀን ሳይጨበጨብላቸው የቀረው በመመሪያው መሠረት ይሁን በመዘንጋት፣ ለልጃቸው በጽሑፍ ቢገለጽለት።