ስለ ቢሮዎ አግዳሚ ወንበር የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ኦቦ ኃላፊ
ነቀምቴ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ከስብሰባ ወደ ወርክሾፕ፣ ከወርክሾፕ ወደ መስክ ሲመላለሱ ወገብዎን እንዳያምዎ፣ የሆቴሉም ምግብ እንዳይከብድዎ ዘወትር እንመኝልዎታለን። ለክብርዎ ስል ስምዎንም ሆነ የጽሕፈት ቤትዎን ስም አልጠቅስም፤ ደጅ የጠናን ሁሉ እናውቅዎታለን። እኔ ባኬ ጃማ ሰፈር ልብስ እየሰፋሁ የምኖር፣ የአይሱዙ ሾፌር የነበረው የፈየራ ሚስት የሺወርቅ ነኝ። የምጽፍልዎ የዋሉልንን ውለታ በየተራ ለማመስገን ሲሆን፣ ባለቤቴም የእሱን ጉዳይ ሳልሸፍን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል።

፩ኛ. በቅድሚያ ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። ባለፈው ክረምት ባለቤቴ ጠጥቶ ሲነዳ አንገር ጉቲን መንገድ ላይ መኪናው ተገለበጠና፣ በጫነው የበቆሎ ጆንያ ላይ ተሳፍራ የነበረች አንዲት ሴት ክንዷ ተሰበረ። ሰው ሁሉ ጭቃውን ወቀሰ፤ ባለቤቴም ዝም አለ። ከዚያ በኋላ መጠጡ ባሰበት። አንድ ቀን ጠዋት ሻዩን ሳይደፋ መጠጣት ሲያቅተው፣ ብቻውን እንደማይችለው ነግሮኝ እንደ እሱ የሆነ ሰው እንድፈልግለት ለመነኝ። ሐኪሙ መድኃኒት አልነፈገውም፤ እኔ ጠበል ወሰድኩት፣ እሱም በሚሄድበት ቸርች ጸለዩለት፤ ሁሉም በቅን ልብ ረዱን። እሱ የፈለገው ግን «ዛሬ አማረኝ» ሲል የማይደነግጥለት ሰው ነበር። ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚታገሉ ሰዎች ተሰብስበው የሚደጋገፉበት ቡድን በከተማችን ይኖር እንደሆነ ልጠይቅዎ ስመጣ፣ እንደ ዕድል ሆኖ ቢሮ ነበሩ። ከስልክዎ ቀና ሳይሉ፣ «የሚጠጣ ሰው መጠጡን ይተው እንጂ ምን ቡድን ያስፈልገዋል?» አሉኝ። ክቡርነትዎ እስኪነግሩን ድረስ መተው የሚባል ነገር መኖሩን ሳናውቅ በመኖራችን እጅግ አፍረናል።

፪ኛ. ሕግ በማስከበር በኩል ስላሳዩት ትጋትም አመሰግናለሁ። ጨለለቂ ሰፈር ውስጥ ኣዴ ድርቤ የሚባሉ ሴት አረቄ ይሸጡ ነበር፤ ባለቤቴም ደንበኛቸው ነበር። ወንድማቸው ባቻ በመጠጥ ከሞተ በኋላ ግን መሸጡን ተዉ። ቡድን እየፈለግሁ መሆኔን ሲሰሙ፣ ከጠፋ እኛው እንሁን ብለው ቤታቸውን ሰጡን። ፈየራ፣ አንድ ጡረተኛ መምህርና አንዲት ቅቤ ነጋዴ መጡ፤ የሁለቱን ስም ብነግርዎ ፈቃድ እንዳይጠየቁ ፈርቼ ትቼዋለሁ። ገና በሁለተኛው ቀጠሯችን የእርስዎ ሰዎች ደርሰው ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ክልክል መሆኑን አስታወቁን። ኣዴ ድርቤ እዚሁ ቤት ሰው እስኪወድቅ ሲጠጣ ማንም ፈቃድ ጠይቋቸው እንደማያውቅ ቢያስረዷቸው፣ አንደኛው በትሕትና «ያ ንግድ ነበር» ብሎ መለሰላቸው። በሩም ተዘጋ።

፫ኛ. ከሁሉ በላይ የማመሰግንዎ ቢሮ ስለማይገቡ ነው። ፈቃዱን ለመጠየቅ ሐሙስ፣ በባለጉዳይ ቀን፣ ሁላችንም ተያይዘን መጣን። ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ መሆንዎን ነግራን ኮሪደሩ ላይ ባለው ረጅም አግዳሚ ወንበር እንድንጠብቅ አደረገችን። ሰው ሲጠብቅ ያወራል፤ እኛም አወራን። በሚቀጥለውም ሐሙስ መጣን፤ እርስዎ አልመጡም። የዚያን ዕለት ፈየራ መሬት መሬቱን እያየ፣ «መኪናውን ጭቃ አልገለበጠውም፤ ሰክሬ ነበር፤ እኔ ነኝ የገለበጥኩት» አለ። ቅቤ ነጋዴዋ ተነሥታ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ኣዴ ድርቤም ትከሻውን ይዘው «ጀባዹ»፣ በርታ አሉት። ባለቤቴን ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ፣ እርስዎ በር ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ አንገር ጉቲን ወርዶ ሴትዮዋን ይቅርታ ጠየቃት። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችውም፤ ማሳዋን ሲያርምላት ግን አልከለከለችውም። መሪ መያዙን ትቶ አሁን ጋራዥ ይሠራል። ለፋሲካ ተሸንፎ ጠጣ፤ በሐሙሱ መጥቶ መጠጣቱን ለሁላችን ተናገረ፤ ከዚያ ወዲህ አልቀመሰም። ነገ ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ ሐሙስ የት እንደሚሄድ ግን አውቃለሁ። በቅርቡ ከጊምቢ የመጣ ሰው የመጠጥ ሱስ ቡድን እንዳለ ሰምቻለሁ ብሎ በር ላይ ቢጠይቅ፣ ጥበቃው «ኃላፊውን ከሚጠብቁት ጋር ተቀመጥ» ብሎ ወደ እኛ ላከው። ኃላፊ ለመጠበቅ ፈቃድ አያስፈልግም።

ክቡር ሆይ፣ አንድ ሐሙስ እንኳ በሥራ ገበታዎ ላይ ተገኝተው ቢሆን ኖሮ፣ እንደ ልማድዎ በአንድ ቃል አሰናብተውን፣ እኛም ዳግም ሳንገናኝ በየቤታችን እንቀር ነበር። ይህን ውለታ በምን እንከፍለዋለን?

ስብሰባዎን ያርዝምልዎ፣ የመስክ ጉዞዎን ያብዛልዎ እያልኩ፣ ከእርስዎ ወንበር ይልቅ ከበርዎ ውጭ ያለው ወንበር የጠቀማት፣ አክባሪዎና የዘወትር ባለጉዳይዎ ነኝ።

የሺወርቅ
ከባኬ ጃማ

ማስታወሻ፦ ምናልባት አንድ ሐሙስ ቢሮ ለመግባት ካሰቡ፣ እባክዎ ቀደም ብለው ያሳውቁን፤ ሌላ የመሰብሰቢያ ቦታ መፈለግ ይኖርብናል።