ለአስናቀ፦ ያለ ስምህ ስለታተሙት ጨዋታዎችህ

ውድ አስናቀ፣

ከተለየኸን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ለሞተ ሰው ደብዳቤ የሚጽፉ ሰዎችን ስሰማ የምስቅ እኔው ነበርሁ። ዛሬ ግን የሆዴን የምነግረው ሰው አጣሁ። ተናድጃለሁ፤ እንቅልፍ እስካጣ ድረስ ተናድጃለሁ። ነገሩን ከሥሩ የምታውቀው ደግሞ አንተ ብቻ ነህ።

አስቀድሜ የቤትህን ልንገርህ። ልጃችን ማርታ አምስተኛ ክፍል ገብታለች። ቁመቷ ትከሻዬ ደርሷል። ሲከፋት ዝም የምትለው ነገር ያንተ ነው፤ እኔ እንደምታውቀኝ ዝም አልልም። ብስክሌትህን ለወንድምህ እንድሰጥ ዘመዶችህ ሲመክሩኝ እምቢ አልሁ። ራሴ እየነዳሁ ትምህርት ቤት እሄድበታለሁ። ባሕር ዳር ውስጥ ብስክሌት የሚነዳ ሰው እንደ ጉድ ሞልቶ ሳለ፣ ጥቁር የለበሰች ሴት ስትነዳ ግን ዞር ብሎ የማያይ የለም። ቀሚሴ ሰንሰለቱ ውስጥ እየገባ ሁለት ጊዜ ተቀደደ። ይቀደድ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

“ትምህርት ቤት ውስጥ ትልቁ ውሸት ‘ገብቶናል’ የሚለው ነው” ትል ነበር። መሪጌታ አባትህ ከሚያገለግሉበት የደሴት ቤተ ክርስቲያን ቆሎ ትምህርት ቤት ሳለህ፣ አለንጋ ፈርተህ ሳይገባህ “አዎ የኔታ” እያልህ ስንት ወር እንዳለፍህ ነግረኸኛል። ኋላ መምህር ሆነህ ሰማንያ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ቆመህ “ገባችሁ?” ስትል “ገብቶናል!” እያሉ ሲጮኹልህ ያ ዘመን ይታወስህና ያምህ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከጣና ዳር የሱሪህን ኪስ ጠጠር ሞልተህ መጣህ። ነጭና ጥቁሩን ለይተህ በልብስ ማጠቢያ ሳፋዬ ማጠብ ስትጀምር “ሰው ከሐይቁ ዓሣ ይዞ ይገባል፤ አንተ ድንጋይ!” ብዬ ጮኽሁብህ። ሰኞ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ሰጠህ። ትምህርቱ ሲያልቅ ሁሉም ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሦስት ስትቆጥር እጁን ይዘረጋል። ነጭ “ገብቶኛል”፣ ጥቁር “ገና ነኝ” ማለት ነው። “አልገባኝም” እንዲሉ አልፈለግህም፤ “ገና” ይበሉ አልህ። የሚያየው ያንተ ዓይን ብቻ ስለሆነ የሚሣቅበት ልጅ አልነበረም።

ከዚያ ማን ያቁምህ! ለሂሳብ ግቢው ውስጥ በኖራ ታንኳ ሣልህ። መልሱን ያገኘ ይሳፈራል፤ የተሳፈረው ግን ዳር ለቀረው አሠራሩን አስረድቶ ካላሳፈረው ታንኳው አይነሣም። ለጂኦግራፊ አንዷን ልጅ ዓባይ አድርገህ ከሐይቁ አስነሥተህ እስከ ጢስ ዓባይ አስኬድሃት፤ የቀሩት ምን ምን እንደምታገኝ እየነገሯት። ለሳይንስ ጋቢህን ተከናንበህ ከገጠር የመጣ አጎት ትሆናለህ። “እንዴት ነው ልጆቼ፣ ውኃው ሲፈላ ወዴት ነው የሚሄደው? ኧረ እኔ አላመንሁም” እያልህ እስኪያሳምኑህ ድረስ ታስለፈልፋቸዋለህ። እኔ ከጎንህ ባለው ክፍል ስለማስተምር መጀመሪያ ጫጫታው አስመረረኝ። በሁለተኛው ወር ግን ጠጠር ለቀማ አብሬህ ወረድሁ። ይህን ሁሉ ምን እንደሠራ፣ ምን እንዳልሠራ እየለየህ በትምህርት ዕቅድ ደብተርህ ላይ ጻፍኸው።

የአውራጃው ትምህርት ቤቶች ኢንስፔክተር የመጣበትን ቀን ግን እስከ ዛሬ አልማርህም። ያ ሰውዬ ለአምስተኛ ክፍል ልጆች ስለ ምርት ግንኙነት አንድ ሰዓት ሙሉ ንግግር አደረገ። ሲጨርስ “ገባችሁ?” አለ። “ገብቶናል!” አሉት። ፈገግ አለና ወደ አንተ ዞረ። አንተስ ምን ነካህ? “ጓድ፣ ከፈቀዱልኝ በጠጠራችን እንየው” አልህ። ልጆቹ ጨፈኑ፤ ቆጠርህ፤ እጅ ተዘረጋ። ክፍሉ በሙሉ ጥቁር! አንዲት ነጭ ብቻ ታየች፤ የያዘቻትም ጥቁሯ የጠፋባት ልጅ ነበረች። ይህን ስትነግረኝ እንባህ እስኪወርድ ሣቅህ። እኔ አልሣቅሁም። ሰውዬው ሻይ ሳይጠጣ፣ ማንንም ሳይሰናበት እንደወጣ ከመስኮት አይቼ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ የሂስና ግለሂስ ስብሰባ ተጠራ። ደብተርህ “ለምርመራ” ተብሎ ተወሰደ። ኢንስፔክተሩ ተነሥቶ “ይህ መምህር ልጆችን ዓይን አስጨፍኖ በስውር ድምፅ መስጠት ያስለምዳል። ይህ የማን ልማድ ነው? የሕዝብን የትምህርት ጊዜስ በጠጠር ጨዋታ ማባከን ምን ይባላል?” አለ። ሂሱን የሚደግፍ እጁን ያውጣ ተባለ። ዙሪያዬን አየሁ፤ እጅ ሁሉ ላይ ነው። ትንሿ ማርታ ታየችኝ፤ ሁለታችንም ብንታሠር ማን ጋ እንደምትወድቅ ታየኝ። እኔም አወጣሁ።

አስናቀ፣ እኔም እጄን አወጣሁ። አየኸኝ። ስንመለስ ያንኑ ያወጣሁትን እጅ ይዘህ እስከ ቤት ደረስን። ከዚያም ወዲህ አንድ ቀን አንሥተህብኝ አታውቅም። ምነው በተቆጣኸኝ!

ከዚያ የግለሂስ ወረቀት አስፈርመውህ ወደ ቆላ ተዛወርህ። “ለአንድ ዓመት ነው፣ እመለሳለሁ” አልኸኝ። ክረምቱ ሲወጣ ወባው አጣደፈህና ሬሳህ በእህል መኪና ላይ ተጭኖ መጣ። ቀብርህ ላይ ስብሰባው ውስጥ እጃቸውን ያወጡት መምህራን ሁሉ ነበሩ፤ አለቀሱም። ያን ሰውዬ ግን አላየሁትም።

ያየሁት ባለፈው ሐሙስ ነው። ከየወረዳው የተሰበሰብን መምህራን ለሴሚናር አዳራሽ ገብተን ሳለ አንድ አንድ መጽሐፍ ታደለን። በስቴንስል የተባዛ፣ ሽፋኑ ሰማያዊ፤ “ተማሪዎች ትምህርቱን መረዳታቸውን የምናረጋግጥባቸው ጨዋታዎች” ይላል። ከሥሩ “አዘጋጅ” ተብሎ የኢንስፔክተሩ ስም። ገለጥሁት። ጠጠሩ አለ። ታንኳው አለ። ከገጠር የመጣው አጎት ከነጋቢው አለ። “ጥቁር ማለት ገና ነኝ ማለት ነው” የሚለውን ሳነብ ያንተን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። የወሰደውን ደብተር አልመለሰልንም ነበር፤ ለካ እየገለበጠው ኖሯል!

መድረክ ላይ ቆሞ ያብራራል። በአዲሱ መመሪያ መሠረት ትምህርት ሕያው መሆን አለበት ይላል። ጨርሶ “ጥያቄ ያለው?” ሲል ተነሣሁ።

“ጓድ፣ እኔ አንድ ነገር አልገባኝም” አልሁ። “በዚህ ጨዋታ ልጆቹ ዓይናቸውን ለምንድነው የሚጨፍኑት? መጽሐፉ ላይ አላገኘሁትም።”

“መጨፈን አያስፈልግም” አለ። “ስማቸው እየተጠራ አንድ በአንድ ይነሡና ጠጠራቸውን ለክፍሉ ያሳያሉ።”

“ታዲያ በጓደኞቹ ፊት ጥቁር የሚያነሣ ልጅ ይገኛል?”

ወረቀቱን አገላበጠ። “ይህ እንግዲህ እንደ መምህሩ ችሎታ ነው” አለ።

“አይደለም!” አልሁት። “የገለበጡት ነገር ሳይገባዎት ነው ያሳተሙት። ያልገባው ልጅ ሳያፍር እንዲናገር ነበር የተፈጠረው። የፈጠረው ባሌ አስናቀ ነው። እርስዎ በስውር ድምፅ ማሰጠት ነው ብለው ከሰሱት፤ በዚያው ጠንቅ ቆላ ወርዶ ሞተ። ሂሱን ደግፈው እጃቸውን ካወጡት አንዷ እኔ ነኝ። ዋሽቼ ነው ያወጣሁት።”

የፊተኛው ረድፍ ሰዎች ጫማቸውን ያያሉ። ሰብሳቢው “እኅቴ ተቀመጪ፣ ሐዘን ላይ ነሽ” አለኝ፤ ይህ ከሁሉ ይበልጥ አንገበገበኝ። ያን ጊዜ ነው ከይፋግ የመጡት መምህር ዓለሙ ከኋላ የተነሡት። እኒያ አልፎ አልፎ እየሄድህ የምትጠይቃቸው ሽማግሌ። ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ “እኔ ይህን ጨዋታ ከአስናቀ ነው የተማርሁት። ይፋግ ድረስ በጭነት መኪና መጥቶ ክፍሌ ገብቶ አሳይቶኛል። ሌላ ባለቤት አላውቅም” አሉና ተቀመጡ። ከጢስ ዓባይ የመጣች አንዲት መምህርትም “እኔም አውቃለሁ” አለች፤ ሳትነሣ ቢሆንም አለች። ሰብሳቢው ቶሎ ብሎ ለሻይ አስወጣን።

በማግሥቱ ዳይሬክተሩ ጠርቶ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጠኝ፤ ስብሰባ በማወክ ይላል። ይቅርታ ጽፌ እንድፈርም ወረቀትም አቀረበልኝ። ገፋሁለት። “ልጅ አለሽ እኮ” አለኝ። “ስላለችኝ ነው” አልሁና ወጣሁ። ምን እንደሚያመጡብኝ አላውቅም። እፈራለሁ፤ ላንተ ምን እደብቃለሁ። ማርታ ግን ነገሩን ከሰው ሰምታ መጥታ፣ ምንም ሳትናገር ጎኔ ተቀምጣ የተቀደደውን ቀሚሴን ሰፋችልኝ።

ባንተም ተናድጃለሁ። የግለሂሱን ወረቀት ለምን ፈረምህ? “ይለፍ፣ የሺ፣ ልጆቹ እስከተማሩበት ድረስ የማንም ይሁን” ማለት ትወድ ነበር። እኔ አልወድም። የማንም አይደለም። ልጆቹም እሱ እንደጻፈው አይማሩበትም፤ አንድ በአንድ እየተጠሩ ያው እንደ ድሮው መዋሸት ይማሩበታል።

ስለዚህ ይህን አድርጌያለሁ። ለየትምህርት ቤቱ የሚላኩት መጻሕፍት እኛ ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ነው የተከማቹት። ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ዕቃ ቤቱን የያዘችው፣ በምሳ ሰዓት በሩን ገርበብ አድርጋልኝ እሷ ደጅ ትቀመጣለች። እያንዳንዱን እገልጥና በመጀመሪያው ገጽ ላይ ስምህን ከነአባትህ እጽፋለሁ፤ የጠጠሩ ገጽ ላይ ደግሞ ያጎደለውን እሞላለሁ። በእስክሪብቶ ነው፤ በእርሳስ ቢሆን ይፍቁታል። የጢስ ዓባዩን ጥቅል ጨርሻለሁ። የይፋጉ ትናንት ተጫነ። መምህር ዓለሙ ሲከፍቱት ምን እንደሚሉ እያሰብሁ ብቻዬን ሣቅሁ፤ አንተ ከሞትህ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

አልረሳህም ብዬ መማል አያስፈልገኝም፤ አንተን መርሳትማ አልችልበትም። ቃል የምገባልህ ሌሎቹም እንዳይረሱህ ነው። ነገ ምሳ ሰዓት ላይ የዳንግላው ጥቅል ይጠብቀኛል፤ ትልቅ ነው፣ ሳልበላ እገባለሁ።

ያንተው
የሺ