የአሥራ አራት ቁጥር ጓጉንቸር

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6
ዛሬም አሮጊቷ ጎረቤቴ ጉንቮር ተቆጡኝ። የምድር ቤቱን ልብስ ማጠቢያ ክፍል የሚገዙት እሳቸው ናቸው... የማድረቂያውን ወንፊት ሳልጠርግ ወጥቼ። «ማይከን፣ መጽሔት ላይ ስለ ሰው ኑሮ ከመጻፍሽ በፊት የራስሽን ብናኝ አንሺ!» በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው!
እዚህ ሰው ሁሉ የቤቱ ቁጥር ያለበትን ጓጉንቸር ተራ ሰሌዳው ላይ፣ በሚያጥብበት ቀን ይሰቅላል፤ የእኔን ሐሙስ ላይ ሰቀልኩ። ከጎኔ አሥራ አራት ቁጥር፣ የማልተና የኤሊስ። ሁለቱ ፍቅረኞች ሁልጊዜ አብረው ነው የሚያጥቡት፣ እየተሳሳቁ። ቀናሁ ልበል?

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8
ማልተ ትናንት ተደበደበ። በሕንፃችን በር ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ አሥር ሰዓት ላይ። ከኤሊስ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲመጡ አንድ ሰውዬ «ወንድ ከወንድ? አስጠሊታዎች!» ብሎ... የማልተ የፊት ጥርስ ተሰብሯል።
«ለፖሊስ ተናገር» አልኩት።
«ከኤሊስ ሌላ ማን አየ ብዬ? ጎተንበርግን ለቀን እንሄዳለን፣ በቃ።»
ጩኸቱን ሰምቼ ነበር። ልጆች ናቸው ብዬ መስኮቴን ዘጋሁ። ይህን አልነገርኩትም።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9
ሰሌዳው ላይ አሥራ አራት ቁጥር የለም። አንስተውታል፤ ሊሄዱ ነው።
ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ወረቀት ለጠፍኩ። «ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ማልተ በራችን ላይ ተደበደበ፤ የሚወደውን ሰው እጅ ስለያዘ። ያየ ወይ የሰማ ስሙን ይጻፍ።» እዚህ ሕንፃ ሰው ሰላም ሳይባባል አሥር ዓመት ይኖራል፤ እዚያ ክፍል የተለጠፈን ወረቀት የማያነብ ግን የለም።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 10
ማልተ ደጄ ላይ፣ ፊቱ ቀልቶ። «ሳትጠይቂኝ? ገመናዬን ከካልሲ ጋር ሰቀልሽው!»
እውነቱን ነው። ወሬ ሳይ እጄ አያርፍም... ይቅርታ ጠየቅኩ። ከዚያ ስለ መስኮቱ ነገርኩት። «የመጀመሪያው ስም የእኔ ነው፤ ‹ሰምቼ መስኮቴን ዘጋሁ› ብዬ እጽፋለሁ» አልኩ።
«እንግዲያው ወረቀቱ እስከ ሰኞ ይቆይ።»

እሑድ፣ ኦክቶበር 12
ጉንቮር መጡ! ደብተር ይዘው። የሚያጥቡበትን ሰዓት ሁሉ ይመዘግባሉ ለካ።
«ማክሰኞ ተራዬ አሥር ሰዓት ነበር። በምድር ቤቱ መስኮት እግር ብቻ ነው የሚታየው። ልጁ ሲወድቅ ግን ያኛው ሊመታው ጎንበስ አለ። ፊቱን አየሁት።»
«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»
«ፈራሁ። ስለ ብናኝ ስጮህ አልፈራም... ለዚህ ግን ዝም አልኩ። አታሳፍርም ይቺ አሮጊት?»
አብረን ወደ ማልተ ወጣን። ሰማቸው፤ ኮቱን አነሳና፣ መሽቶ ነበርና «ነገ ፖሊስ ጣቢያ እንሄዳለን» አለ። መልሶ ሰቀለው።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 13
ፖሊስ ጣቢያ፣ አራታችንም። ወጣቱ ፖሊስ «ድብድብ» ብሎ ሊጀምር ሲል ጉንቮር ጠረጴዛውን መቱ። «የምን ድብድብ? ስለሚዋደዱ ነው የመታው! የጥላቻ ወንጀል ብለህ ጻፍ፣ ልጄ።»
ጻፈ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 1
ሰውየው ተይዟል። ፍርዱ ገና ነው። እስካሁን ባልተነሳው ወረቀት ላይ ሃያ ሦስት ስም አለ፤ ምንም ያላዩት ሳይቀሩ «ሁለተኛ መስኮት አልዘጋም» ብለው ፈርመዋል።
ዛሬ ልብስ ይዤ ስወርድ ደረጃው ላይ የጉንቮርን ድምፅ ሰማሁ።
«ማልተ! ወንፊቱን ማን ሊጠርግልህ ነው?»
«ኤሊስ!»
በተሰበረ ጥርሱ ይስቃል። ሰሌዳውን አየሁ... አሥራ አራት ቁጥር ተሰቅሏል። የዲሴምበር መጨረሻ ላይ።