ሽርሽረኞች ያልኳቸው ሰዎች

ይድረስ ለእንድሪሴ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እኔም ልጃችንም አልሐምዱሊላህ ጤና ነን፤ ናፍቆትህ ግን አልቀለለንም፣ አልዋሽህም።

ብዙ ነገር ተለውጧል። ንጉሡ ወረዱ። መሬት ለአራሹ ሆነ ተብሎ መካነ ሰላም ገበያ ላይ ተጨፈረ። አንተ ታስተምርበት የነበረው ክፍል ውስጥ ከአዲስ አበባ የመጡ ዘማች ተማሪዎች ይተኛሉ። ልጃችን ፊደል ለይታ ግድግዳው ላይ በከሰል እየጻፈች ታስቸግረኛለች። ቁርጥ አንተን ናት፣ ብቆጣትም አትሰማኝ። ያልተለወጠው ተራራችን ብቻ ነው። እኔ ግን ቀና ብዬ ሳላየው ኖርኩ።

እሑድ እሑድ ተማሪዎችህን አስከትለህ ስትወጣ ሰዉ «ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» እያለ ይተርብህ ነበር። አንዳንዴ እኔንም ትወስደኛለህ። የገብሱን ማሳ አልፈን፣ በአስታው ቁጥቋጦ መሀል አቋርጠን ረጃጅሙ ጅባራ ከበቀለበት ስንደርስ ትንፋሽ ያጥረኛል። አንተ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን እያሳየህ ድካሜን ታስረሳኛለህ። ከአናቱ ላይ በአንድ በኩል የዓባይ በረሃ፣ በሌላው የለጋምቦ ደጋ ይታያል። ሚስቱን ሽርሽር የሚወስድ አስተማሪ አንተ ብቻ ነበርክ፤ ሴቶቹ ሲያሙኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ያን እሑድ ግን ፈተና ስታርም ቤት ዋልክ። ከሰዓት በኋላ ሰዎች ተከታትለው ከተራራው ሲወርዱ አየሁ። ትንሽ ሄደው ይቀመጣሉ፣ ደግሞ ይነሳሉ። ሽርሽረኞች መሰሉኝ። መምህሩን ጥለው ሄደው ይኸው ደከሙ ብዬ ከጎረቤቶቼ ጋር ሳቅሁባቸው። አንተ ወጥተህ አየሃቸውና ፊትህ ተለወጠ።

«ዘሀራ፣ ሽርሽር የሚሄድ ሰው ድስቱን ተሸክሞ አይሄድም» አልከኝ።

ረሃብ ከቀያቸው የነቀላቸው ነበሩ። በሶ በጥብጠህ በቅል ይዘህ ሮጥክ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ መውረድ ያቃታቸውን ፍለጋ ትወጣ ነበር። ከእነሱ ጋር የወረደው ተስቦ አንተንም ያዘህ። አትሂድ አላልኩህም። በሳቄ አፍሬ በሶውን የምበጠብጥልህ እኔው ነበርኩ። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ይኸው ነው።

ባለፈው ሳምንት ዘማቾቹ ቤት ድረስ መጥተው፣ ተራራውን የምታውቂው አንቺ ነሽ ተብለናል፣ ለሽርሽር ውሰጂን አሉኝ። ሰው ባለቀበት መንገድ ምን ሽርሽር አለ ብዬ በቁጣ መለስኳቸው። ኋላ ሳስበው ግን እኔ ካልነገርኳቸው ማን ይነግራቸዋል አልኩ። እሑድ ይዣቸው ወጣሁ። ሰዎቹን ደግፈህ ያነሳህበትን ቦታ አንድ በአንድ አሳየኋቸው። አናቱ ላይ ስንደርስ ንፋሱ የአንዱን ባርኔጣ ነጥቆ ገደል ሰደደው፣ ልጁም እጁን ዘርግቶ ቀረ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ሳቅሁ። አየኸው ልልህ ወደ ጎኔ ዞርኩ።

እንድሪሴ፣ በሞትክ ዕለት እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም።

ከእንግዲህ ዳገቱን ልውጣ ላለኝ ሁሉ መንገድ እመራለሁ፣ ስምህንም ሳላነሳ አልወርድም። አላህ ጀነት ይወፍቅህ። የሚያስቀኝ ነገር ከመጣም እስቃለሁ፤ ወደ ጎኔ መዞሬን ግን አልተውም።

ያንተው ዘሀራ