በስምህ ያገባሁት ጎል

ውድ ወንድሜ ኦሊ፣

ስልክህ አይሠራም። አንተ ባለህበት በአጎታችን ኡርጌ ሰፈር ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታው ላይ ሲወጡ ብቻ ነው ይላሉ፤ አንተ ደግሞ ለእኔ ብለህ ኮረብታ እንደማትወጣ አውቃለሁ። ስለዚህ በወረቀት እጽፍልሃለሁ። ጨርቅ ነጋዴዋ ሁሪያ ነገ ወደ ዳሪሙ ገበያ ትሄዳለች፤ በእጅህ እንድትሰጥህ ለምኛታለሁ።

ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። አሁን የምጽፈው መቱ መናኸሪያ በር ላይ፣ ባጃጄ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ተሳፋሪ ሲመጣ አቋርጬ እሄዳለሁ፤ አድርሼ ስመለስ እቀጥላለሁ። እቤት ልጽፍ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነም። አንተ ከሄድክ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ተሳፋሪ በሌለበት ሰዓት እንኳ ከመናኸሪያ እስከ ስታዲየም፣ ከስታዲየም እስከ ሆስፒታል በባዶው እዞራለሁ። ነዳጅህ ተርፎህ ነው ወይ እያሉ ጓደኞቼ ይስቁብኛል።

ከሁሉ በፊት ይህን ልንገርህ። ያኔ ከብሔራዊ ቡድኑ ስመለስ ጉልበቴን አልተጎዳሁም ነበር።

የምታውቀውንም ቢሆን ከመጀመሪያው ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት አጣምሜ እንዳልናገር እፈራለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት የብሔራዊ ቡድኑ መልማይ ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን ሊያይ መቱ ሲመጣ እኔ አሥራ ስምንት ሞልቶኝ ነበር። አንተ አሥራ አራት። ጢም አላበቀልኩም፣ ቁመቴም ያው እንደምታውቀው ነው፤ ማንም ቢያየኝ ትንሽ ልጅ ነው የምመስለው። አባባ ቀበሌ ሄዶ የአንተን የልደት ሰርተፍኬት በእኔ ፎቶ አሠርቶ መጣ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኖ ይህን ማድረጉ ከብዶት እንደነበር ፊቱ ላይ አይቻለሁ። «ስም ብቻ ነው፤ ማንን ይጎዳል?» አለ። አሰልጣኛችን ጋሼ አምባውም ሁለታችንንም ከልጅነታችን ያሳደገን ሰው ሆኖ ሳለ አይቶ እንዳላየ አለፈው።

አንተስ? አንተማ ሳቅክ። «ውሰደው፤ ብቻ በቢጫ ካርድ እንዳታበላሸው!» አልከኝ።

ኪጋሊ ለወዳጅነት ውድድር የሄድን ጊዜ ከስምህ ጋር ያየሁትን ፍዳ ነግሬህ አላውቅም። ልጆቹ «ኦሊ!» ብለው ሲጠሩኝ አልዞርም። ጆሮው አይሰማም አሉኝ፤ ኋላ ደግሞ ኩራተኛ ነው አሉኝ። አንዴ ሜዳ ላይ በረኛው «ኦሊ፣ ከኋላህ!» ብሎ እየጮኸ እኔ ቆሜ ቀረሁና ኳሷን ነጠቁኝ። ከዚያ በኋላ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ኦሊ፣ ኦሊ፣ ኦሊ እያልኩ ራሴን ስጠራ እውል ጀመር።

በሁለተኛው ጨዋታ አገባሁ። ከግራ የተሻማች ኳስ ናት፤ በግንባሬ። ያለኝን ቁመት ሁሉ ዘልዬ ነው ያገኘኋት። ልጆቹ ላዬ ላይ ተከመሩ፤ ከሥራቸው ተኝቼ የምሰማው የአንተን ስም ነው። የዚያን ዕለት ስትደውልልኝ በደስታ እየጮህክ ነበር። «ኪቲላ፣ ስሜን በሬዲዮ ሰምቶ ሰፈሩ ሁሉ በቀልድ እንኳን ደስ አለህ እያለኝ ነው! ጎል ያገባሁት እኔ ነኝ! እትዬ ዘውደነሽ ለስላሳ ጋበዘችኝ!» አብሬህ ሳቅኩ። ስልኩን ስዘጋ ግን ተመልሼ ከልጆቹ ጋር መጨፈር አልቻልኩም። ለምን እንደሆነ ያኔ አላወቅኩም።

ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያው ከመሄዳችን በፊት የዕድሜ ምርመራ መጣ። እጅህን ወደ ላይ ዘርግተህ ማሽን ውስጥ ያስገቡሃል፤ የእጅ አንጓህን አጥንት ያያሉ፤ እንዳትንቀሳቀስ ይሉሃል። እኔ ጣቶቼን ማስቆም አቃተኝና ሁለቴ ደገሙኝ። በሦስተኛው ቀን ዋና አሰልጣኙ ከቁርስ አስነስቶ ውጭ ይዞኝ ወጣ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ወረቀትህ አሥራ አራት ይላል። አጥንትህ ግን ዕድገቱን ጨርሷል» አለኝ። «እውነተኛ ስምህ ማን ነው?»

እዚህ ላይ ነው ኦሊ። እዚህች ላይ ብናገር ኖሮ ሁሉም ነገር በእኔ ያልቅ ነበር። ሰውየው በር ከፍቶልኝ ነበር። እኔ ግን የአባባ መታሰር ታየኝ፣ የመቱ ሰው ታየኝ፣ ውርደቱ ታየኝ። «ኦሊ ባጫ ነው ስሜ» አልኩት። እሱም አንገቱን ነቅንቆ ጻፈው። ዕድሜ በማጭበርበር የተባረረ፦ ኦሊ ባጫ፣ ከመቱ።

ከአውቶቡስ እያነከስኩ የወረድኩት ለዚህ ነው። ጉልበቴን ነው አልኳችሁ። ሻንጣዬን ተሸክመህ ከመናኸሪያ እስከ ቤት አመጣኸኝ። አንድ ወር ሙሉ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውኃ በጨው እያሞቅክ ጉልበቴን ስታሽልኝ፣ «እዚህ ጋ ያምሃል? እዚህስ?» ስትለኝ፣ እኔ ምንም የማያመኝ ሰው «አዎ፣ እዚያ ጋ» እልህ ነበር። ከሠራሁት ሁሉ ሳስታውሰው ፊቴን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። አንዳንዴ ተሳፋሪ ጭኜ ሳለ ትዝ ይለኝና ጮክ ብዬ «ወይኔ!» እላለሁ፤ ሰዎቹ ይደነግጣሉ።

ከዚያ አንተ አደግክ። ከእኔ ይልቅ ረጅም፣ ከእኔ ይልቅ ፈጣን ሆንክ። ዘንድሮ መልማዩ ተመልሶ መጥቶ አንተን ሲመርጥ ሰፈሩ ሲጨፍር እኔ ስታዲየሙ አጥር ሥር ቆሜ ላብ ያጠምቀኝ ነበር። ያኔም መናገር እችል ነበር። ምናልባት ዝርዝሩ ጠፍቷል፣ ምናልባት ማንም አያስታውስም ብዬ ዝም አልኩ።

በዘጠነኛው ቀን ተመለስክ። እማዬ በሩ ላይ ተቀብላህ «ማል ታኤ? ምን ሆንክ ልጄ?» ስትልህ «አልበቃሁም አሉኝ፤ ከእኔ የሚሻሉ ልጆች አሉ» አልካት። እኔን አየኸኝ። አንዴ ብቻ። ከዚያ ጫማህን አውልቀህ ገባህ። በሳምንቱ የቡና ለቀማ ላግዝ ብለህ ወደ ዳሪሙ ሄድክ፤ እነሆ አራት ወር ሆነህ።

እኔም እግርህ እንዳልበቃ ለማመን ፈለግኩ። ግን አንድ ቀን ጋሼ አምባው ባጃጄን አስቁሞ ወዴት እንደሚሄድ ሳይነግረኝ ገብቶ ተቀመጠ።

«ወዴት ላድርስዎት ጋሼ?» አልኩት።

«ዝም ብለህ ንዳ።» ወደ ጎሬ መውጫ ስንደርስ ነው የተናገረው። «ልጁን የመለሰው እግሩ አይደለም። ደውዬ ጠየቅኩ። ስሙን መዝገብ ላይ አገኙት። ከሁለት ዓመት በፊት በዕድሜ የተባረረ ሰው እንዴት ተመልሶ ይመጣል አሉት። ወንድሜ ነው ብሎ አንድ ቃል ቢናገር ይሰሙት ነበር። አልተናገረም።»

መንገዱ ዳር አቆምኩ። ጋሼ አምባው እያለቀሰ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። «እኔም አለሁበት» አለ።

አውቀህ እንደነበር ያወቅኩት ያን ቀን ነው። እዚያ ቢሮ ውስጥ ቆመህ እኔን አሳልፎ መስጠት ስትችል ዝም አልክ፤ እቤት መጥተህም ዝም አልክ።

ያኔም ወዲያው አልተነሣሁም፤ ጀግና ነኝ ልልህ አልጽፍም። አሥራ አንድ ቀን በባጃጅ ዞርኩ። የገፋኝ የእማዬ ቃል ነው። ልብስ እያጠበች ሳለ «ወንድምህን ሄደህ ምከረው» አለችኝ። «ተስፋ ቆርጧል። አንተ እዚያ ደርሰህ የተመለስክ ነህ፤ ሕመሙን ታውቅለታለህ። አንተን ይሰማሃል።» እዚያው ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችም። እጇ ሳፋው ውስጥ እንዳለ ቀረ። በመጨረሻ «እና ኦሊዬ ይህን ሁሉ ብቻውን ተሸክሞ ነው ቡና የሚለቅመው?» አለች።

አባባ ግን ተቆጣ። «ልታሳስረኝ ነው?» አለኝ።

«እኔም እታሰር ይሆናል አባባ» አልኩት። «ኦሊ ግን ታስሯል።»

ለሦስት ቀን አላናገረኝም። በአራተኛው ቀን አዲስ አበባ ልሄድ ስል የአንተን የክትባት ካርድና የስምንተኛ ክፍል መፈተኛ ካርድህን በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝ።

የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ቢሮ ገባሁ። መዝገብ የያዘውን ሰውዬ «ይህ የተባረረው ኦሊ ባጫ እኔ ነኝ። ስሜ ግን ኪቲላ ነው» አልኩት። ሁለቴ አስደገመኝ። ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኝና «ጻፈው» አለኝ። አራት ገጽ ጻፍኩ። ጋሼ አምባውም የራሱን ጽፎ ፈርሞ ልኮ ነበር። ሦስት ሳምንት አመላለሱኝ። ባለፈው ዓርብ ደብዳቤው ወጣ። እኔ ለአምስት ዓመት ታግጃለሁ። በአንተ ስም ላይ የነበረው ተሰርዟል።

በሐሰት ስም ስለወጣው ፓስፖርት ጉዳዩ ለፖሊስ ተመርቷል። እኔም አባባም ቃላችንን ሰጥተን በዋስ ወጥተናል። ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም። ይህን የምነግርህ እንድታዝንልኝ አይደለም፤ ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ነው። ፈርቻለሁ። ግን ይሄኛው ፍርሃት ከበፊተኛው ይሻላል፤ ቢያንስ ምን እንደምፈራ አውቃለሁ።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገርህ። አሰልጣኞቹ እስከ ወሩ መጨረሻ ሊያዩህ ፈቅደዋል። ራስህ ሄደህ አሻራ መስጠት፣ የእጅ አንጓህን ማስመርመር አለብህ። እንመርጥሃለን አላሉም፤ እናየዋለን ነው ያሉት። ማክሰኞ ንጋት ላይ ከመቱ በሚነሣው አውቶቡስ ለአንተና ለጋሼ አምባው ቦታ ይዣለሁ። እኔ አልሄድም።

ኳስ ጠልተህ ከሆነ፣ ከእንግዲህ አልፈልግም ካልክ፣ እሱም የራስህ ውሳኔ ነው። ግን እዚያ ቁጭ ብለህ በእኔ ጥፋት አትወስን። ይቅር በለኝ ብዬ አልጠይቅህም፤ መጠየቅ ያለብኝ ፊት ለፊት ቆሜ ነው፣ አንተም የምትመልሰው በፈለግከው ጊዜ ነው።

ከጎሬ የመጣ አውቶቡስ እየገባ ስለሆነ ተሳፋሪዎች ይጠሩኛል። ሁሪያም ወረቀቱን ስጠኝ እያለች ነው። ሰኞ ከጠዋት ጀምሮ ከዳሪሙ የሚመጣው መኪና የሚቆምበት ቦታ ላይ እሆናለሁ፤ ሰው አልጭንም። ልትሰድበኝም ከሆነ ና፤ ልትመታኝም ከሆነ ና። ብቻ ና፣ ማክሰኞ እንዳያልፍህ።

ወንድምህ
ኪቲላ ባጫ
መቱ