ስለ ቢታ ገነቱ ሰርቨርና ስለ ባልሽ

ለውድ እህቴ ለዙፋን፣
ኩዌት፤

እንዴት ከርመሻል እታለም? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ወገብሽ ተሻለሽ? ሙቀቱስ፣ ማዳምሽስ፣ እንቅልፍሽስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም አለን። እማዬ ጉልበቷን ከማመሙ በቀር ደህና ናት። ልጅሽ ወንጌላዊትም ቁመቷ እኔን ሊደርስ ምንም አልቀረው። ዘንድሮ ዝናቡ ጨክኖብናል፤ ቦንጋ ጭቃ በጭቃ ሆናለች፣ ባጃጆቹም ዳገቱን እምቢ ብለዋል። ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ ነበር፤ አንቺ ግን የባልሽን የግዛቸውን ስም በክፉ ካነሣሁ ትዘጊብኛለሽ። ወረቀት አይዘጋም። ጓደኛሽ ፍሬ የእረፍት ፈቃዷን ጨርሳ ወደዚያው ስለምትመለስ በእሷ እጅ ልኬልሻለሁ። ተቀምጠሽ አንብቢው።

እንደምታውቂው እኔ እዚህ በዞኑ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ፤ ባልሽ ደግሞ ቢታ ገነት ባለው ቅርንጫፋችን የሰርቨሩ ጠባቂ ነው። ሰርቨር ማለት የወረዳው ገበሬ መዝገብ ሁሉ የሚቀመጥበት ትልቁ ኮምፒውተር ነው። የእኔ ሥራ በየጠዋቱ ለየወረዳው እየደወልኩ ሰርቨሩ መሥራት አለመሥራቱን መጠየቅ ነበር። ስደውል መጀመሪያ የእናት ጤና ይጠየቃል፣ ቀጥሎ ስለ ቡናው፣ ቀጥሎ ስለ ዝናቡ ይወራል፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም ይሠራል ይላሉ። ገበሬው ግን ከየቀበሌው በእግሩ መጥቶ ‹ሲስተም የለም› እየተባለ ይመለሳል። ውሸቱ ሰለቸኝና አንድ ቀን ምሳ ሳልወጣ ቁጭ ብዬ ስክሪፕት ጻፍኩ።

ስክሪፕት ስልሽ ትልቅ ነገር አይምሰልሽ። ኮምፒውተሩ ማንም ሳይነካው በየጊዜው የሚፈጽመው ትእዛዝ ነው፤ አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። የየወረዳውን ሰርቨር አድራሻ ይይዝና በየተራ ደጁ ቆሞ ‹ቤቶች!› እንደ ማለት ይጣራል። አቤት ያለው አረንጓዴ ይሆናል፣ ዝም ያለው ቀይ። ስለ ቡና ወሬ የለ፣ ስለ ዝናብ ወሬ የለ።

ኃላፊያችን አቶ አምባው ሲያዩት ደስታቸው ልክ አጣ። ኮሪደሩ ላይ ባለው ቴሌቪዥን ይለቀቅ አሉ፣ ከየአድራሻው አጠገብም የጠባቂው ስም ይጻፍ አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ነውር ነው ብሎ ይከራከር ነበር። እኔ ግን የግዛቸውን ስም በደማቁ ጻፍኩት። በሠርግሽ ማግስት ጓደኞቹን ሰብስቦ፣ ይሄ ልጅ የኮምፒውተር ቁልፍ ከመነካካት ሌላ ምን ያውቃል ብሎ ያሳቀብኝን አልረሳሁትማ። ሰኞ ሰኞ ጠባቂዎቹ ለስብሰባ ቦንጋ ሲመጡ፣ ስሙ የቀላ ተነሥቶ በሰው ሁሉ ፊት እንዲያስረዳ ይደረጋል። ባልሽ ላብ በላብ ሆኖ መብራት ጠፍቶ ነው እያለ ሲንተባተብ፣ ከኋላ ተቀምጬ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ብዙም ሳይቆይ ቢታ ገነት አረንጓዴ ሆነ፤ እንደሆነም ቀረ። የዋጫው ቅርንጫፍ ሲቀላ፣ ሌላውም ሲቀላ፣ ቢታ ገነት ንቅንቅ አይልም። አቶ አምባው አስጨበጨቡለት፣ አርአያችን ነው አሉ፣ ወደ ቦንጋ እንዲዛወርም ድጋፍ ጻፉለት። ያ ዝውውር ለአንቺ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እሱ ቦንጋ ሲገባ አንቺም ለመስከረም ጠቅልለሽ ልትመጪ፣ ከልጃችሁ ጋር በአንድ ቤት ልትኖሩ ነበር። እማዬም ክፍሉን ቀለም አስቀብታ ጨርሳለች።

እኔን ግን አልዋጥልኝ አለ። ከተማው በሙሉ መብራት ጠፍቶበት እያለ የቢታ ሰርቨር እንዴት አቤት ይላል? ለማንም ሳልናገር በዋጫ በኩል ሚኒባስ ይዤ ሄድኩ። መንገዱን አልነግርሽም፤ ከተሳፈርንበት የገፋንበት ይበልጣል። ቅርንጫፉ ደጃፍ ላይ ገበሬዎች በዝናብ በስብሰው ተቀምጠዋል፤ ሲስተም የለም ተብለው ነው። ግዛቸው አልነበረምና የጽዳት ሠራተኛዋ ከፈተችልኝ። ሰርቨሩ ጠፍቶ፣ ጨርቅ ለብሶ፣ ላዩ ላይ ጃንጥላ ተቀምጦበታል። ከጎኑ አንዲት ላፕቶፕ በሶላር ባትሪ ትሠራለች። የሰርቨሩን አድራሻ ለእሷ ሰጥቷት ኖሯል! የእኔ ስክሪፕት ሲጣራ አቤት የምትለው እሷ ናት፤ ውስጧ ግን የአንድ ገበሬ መዝገብ የለም። ብልጥ ነው፣ አልክድም። ላፕቶፗን ግን አወቅኋት። አንቺ ለወንጌላዊት ትምህርት ብለሽ የላክሻት፣ እሱ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ጉምሩክ ያዘብኝ ብሎ ባዶ እጁን የመጣባት ናት።

ሲገባ አየኝና ፊቱ አመድ መሰለ። እግሬ ላይ ወደቀ። ዝውውሩ እስኪጸድቅ ብቻ ዝም በለኝ፣ ለእኔ ባይሆን ለእህትህ ብለህ አለኝ። መብራቱ አንድ ቀን ውሎ አያድርም፣ ለጄኔሬተሩ ናፍጣ ጠይቄ ጠይቄ የሰጠኝ የለም፣ ሰኞ በመጣ ቁጥር ከምዋረድ ብዬ ነው እያለ አለቀሰ። ስለ ናፍጣው እውነቱን ነው፤ እኔም አውቅ ነበር። እሺ፣ ተነሥ አልኩት። አቀፈኝ። ምሳ ጋበዘኝ፣ በላሁለት።

ቦንጋ ስመለስ ስክሪፕቱ ላይ ትንሽ ጨመርኩበት። አሁን አቤት ሲባል ዝም ብሎ አያልፍም፤ እስቲ አንድ መዝገብ አውጣና አሳየኝ ይላል። ሰኞ ዕለት አቶ አምባው አርአያቸውን ሊሸልሙ ሁላችንንም ኮሪደሩ ላይ ሰበሰቡን። ግዛቸው አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ፊት ቆሟል። ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ስሙ ቀይ ነው። ዞር ዞር ብሎ የፈለገው እኔን ነበር፤ እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም።

ነገሩ ሲጣራ የላፕቶፗ ዘዴ ተጋለጠ፤ ዝውውሩም ተሰርዟል፤ ከሥራም ከደመወዝም ታግዶ እናቱ ቤት ገብቷል። ቢታ ገነት ሌላ ጠባቂ ተመድቧል፤ ናፍጣ ግን ዛሬም የለም፣ ገበሬውም እዚያው ደጃፍ ላይ ነው። እንግዲህ ለቤቱ የቀረው ያንቺ ደመወዝ ብቻ ነውና ትኬትሽን መልሺና ኮንትራትሽን አድሺ። እርገሚኝ፣ መብትሽ ነው። እኔ ግን የልጅሽን ነገር ሰርቆ አርአያ ሲባል ቆሜ አላጨበጭብም፤ ነገም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ።

ጎረቤታችን እትዬ ምሥራቅ በጣም ሰላም ብለውሻል። ጋሽ ሣህሌም እንዲሁ፤ ጸሎታቸው አይለይሽም። እማዬን ለዙፋን ምን ብዬ ልጻፍላት ብላት በካፊኖኖ ቋንቋ አንድ ነገር ተናግራኝ ወጣች፤ እሱን እዚህ አልጽፈውም። ምግቤን ታቀርብልኛለች፣ ቀና ብላ ግን አታየኝም። ወንጌላዊት ላፕቶፗን አስመልሼ ስሰጣት አልከፈተቻትም። እናቴ ለመስከረም አትመጣም እንዴ አለችኝ። አትመጣም አልኳት። ማን ከለከላት አለችኝ። እኔ አልኳት።

ወንድምሽ ኢሳያስ
ቦንጋ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.